«ስንተኛ ወጣ?» ከማለታችን በፊት፦ ስለ ትንንሽ ቻርተር ሃይስኩሎች ለወላጆች የተደረገ ንግግር

ሰላም፣ እንደምን ዋላችሁ! ኋላ ያላችሁ ይሰማል? ይሰማል? እሺ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ በእውነት እሁድ ከሰዓት በዚህ ብርድ መኪናውን አሙቆ ይሄን ያህል ሰው ይመጣል ብዬ አልጠበቅኩም፣ ለባለቤቴም አስር ሰው ከመጣ ጥሩ ነው ብያት ነው የወጣሁት፣ ቡናውን ያፈላችሁ እህቶች ደሞ እጃችሁ ይባረክ፣ ሽታው ትኩረቴን እየሰረቀው ነው።

ብዙዎቻችሁ የምታውቁኝ በቢጫው ባስ ነው። አዎ፣ ያ ልጃችሁ ሲዘገይ ጥሩምባ የሚነፋው ሰውዬ እኔ ነኝ። ከዛ በፊት ግን ደብረ ብርሃን 11 ዓመት ሂሳብ አስተምሬያለሁ። አሁን ደሞ ልጄ የምትማርበት ትንሽ ቻርተር ሃይስኩል ቦርድ ላይ ወላጆች መርጠውኝ ሁለተኛ ዓመቴ ነው። የትምህርት ቤቱን ስም አልጠራም፣ እንድታስመዘግቡ ልሰብካችሁ አልመጣሁም። የመጣሁት ባለፈው ወር እዚሁ በር ላይ አንድ ወንድማችን ስልኩን አውጥቶ «ይሄ ትምህርት ቤት እኮ በማትስ 20 በመቶ ነው ያለፈው፣ ልጅህን እንዴት እዛ ታስገባለህ?» ስላለኝ ነው። ቆሜ ላስረዳው ስል ብርዱ አባረረን። ዛሬ ለሱም ለናንተም ልመልስ። እዚህ አለ መሰለኝ፣ አዎ አየሁህ፣ አትደበቅ!

ሦስት ነገር ነው የማወራው። አንደኛ ቻርተር ዲስትሪክት ማለት ምን ማለት ነው፣ ሁለተኛ ውጤት የሚባለው ቁጥር ከየት ነው የሚመጣው፣ ሦስተኛ ልጆቻችን በዚያ ቁጥር ውስጥ የት ነው ያሉት። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምለው፣ እንዳንምታታ።

የመጀመሪያውን ቶሎ ልለፈው። በአሜሪካ የመጀመሪያውን የቻርተር ህግ ያወጣችው ይቺ የኛው ሚኒሶታ ናት፣ በ1991። በዓመቱ በ1992 እዚሁ ሴንት ፖል ሲቲ አካዳሚ ተከፈተ፣ የመጀመሪያው እሱ ነው። ቻርተር የግል ትምህርት ቤት አይደለም ወገኖቼ፣ ይሄን ስንቴ ተናገርኩ! ክፍያ የለውም፣ ልጅ ፈትኖ መርጦ አይወስድም፣ ከቦታው በላይ አመልካች ከመጣ እጣ ነው የሚያወጣው። ገንዘቡ የመንግስት ነው። ልዩነቱ ምንድነው፣ ከአንድ ፈቃድ ሰጪ ጋር ውል ይፈራረማል፣ ውሉ ቢበዛ ለአምስት ዓመት ነው፣ ውጤት ካላሳየ ውሉ ላይታደስለት ይችላል፣ ይዘጋል ማለት ነው።

እና እዚህ ሚኒሶታ አንድ ቻርተር በህግ ፊት ራሱን የቻለ ዲስትሪክት፣ ማለትም እንደ አንድ ከተማ ትምህርት ቤቶች አስተዳደር፣ ነው። የዲስትሪክት ቁጥር አለው፣ የቻርተሮቹ ቁጥር 4 ሺህ ቤት ውስጥ ነው። መቶ ምናምን ልጅ ያለው ትምህርት ቤት፣ አንዳንዴ አንድ ፎቅ ተከራይቶ የሚያስተምር፣ ሚኒያፖሊስን የሚያህል ዲስትሪክት የሚሞላውን ሪፖርት ይሞላል። የበጀት ሪፖርት፣ የልዩ ፍላጎት ሪፖርት፣ የቀሪ ሪፖርት፣ የፈተና ሪፖርት። እኛ ጋ ይሄን ሁሉ የምትሰራው አንድ ሴትዮ ናት፣ በዛ ላይ ስልክም ታነሳለች፣ ልጅ ሲያመው በረዶ ጨርቅም ታቀብላለች። ወደ 180 የሚጠጋ ቻርተር አለ በስቴቱ፣ ብዙዎቹም እንዲህ ትንንሽ ናቸው። ወንድማችን ስልኩ ላይ ያያቸው ትልቁም ትንሹም በአንድ ሰንጠረዥ ተደርድረው ነው። ድንክና ግመል በአንድ ሚዛን።

እሺ ሁለተኛው። እዚህ ላይ ትንሽ እቆያለሁ፣ ሂሳብ አስተማሪ ነበርኩ፣ ታገሱኝ።

ሃገር ቤት ልጅ ካርድ ይዞ ሲመጣ የመጀመሪያው ጥያቄ ምንድነው? «ስንተኛ ወጣህ?» አይደል? ማርኩን አናይም፣ ደረጃውን ነው የምናየው። እኔ ራሴ ክፍሌ ውስጥ 70 ልጅ ይዤ አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ እያልኩ አሰልፌያለሁ፣ ወላጁ ያጨበጭባል፣ አርባ ሰባተኛ የወጣው ልጅ አንገቱን ደፍቶ ይሄዳል። አንድ ዓመት አንደኛ የወጣ ልጅ አስታውሳለሁ፣ በሚቀጥለው ዓመት የክፍሉ ጎበዞች ወደሌላ ክፍል ተመደቡና ማርኩ በስምንት ነጥብ ወርዶ ድጋሚ አንደኛ ወጣ። አባቱ በግ አረደ! ማርኩ መውረዱን ያየ የለም። ያንን «ስንተኛ» ይዘን ነው አሜሪካ የመጣነው፣ አሁን ትምህርት ቤቱን «ስንተኛ ነው» እንላለን።

በሃይስኩል የስቴቱ ፈተና ኤምሲኤ የሚባለው እንዴት እንደሆነ ስንቶቻችሁ ታውቃላችሁ? እጅ አውጡ እስቲ። ... ሦስት። እሺ። ንባብ የሚፈተኑት አስረኛ ክፍል ላይ ነው። ማትስ አስራ አንደኛ ክፍል ላይ ነው። በቃ፣ በየትምህርቱ አንድ ክፍል ብቻ። ኤለመንተሪ ከሦስተኛ ጀምሮ በየዓመቱ ስለሚፈተኑ ያው ልጅ ከዓመት ዓመት ሲሄድ ይታያል። ሃይስኩል ላይ ግን ዘንድሮ ማትስ የተፈተኑት ልጆችና አምና የተፈተኑት ልጆች ሌላ ሌላ ሰዎች ናቸው። «ማትስ ወረደ» ስንል ማን ነው የወረደው? ማንም አልወረደም እኮ፣ ሌሎች ልጆች ናቸው የተቀመጡት!

አሁን እንበል የኛ አስራ አንደኛ ክፍል 20 ልጅ አለው። አንድ ልጅ ስንት በመቶ ነው? አምስት በመቶ። አንድ ልጅ የፈተናው ቀን ጥርሱን ታሞ ቢቀመጥና ቢወድቅ የዲስትሪክቱ ውጤት በአምስት ነጥብ ወረደ። ሁለት ጎበዝ እህትማማቾች ቤተሰባቸው ቴክሳስ ቢሄድ እስከ አስር ነጥብ ሊሄድ ይችላል። አምስት መቶ ልጅ ያለበት ቦታ ላይ ያው ሁለት ልጅ ግማሽ ነጥብ እንኳን አይሞላም። ስለዚህ በመቶኛውን ስታዩ በመጀመሪያ «ከስንት ልጅ?» በሉ። ከስንት ልጅ? ይሄን ጥያቄ ብቻ ይዛችሁ ብትሄዱ ድካሜ ቀረልኝ። አንዳንዴ ደሞ ቁጥሩ ጭራሽ አይኖርም፣ ልጆቹ ከ10 በታች ከሆኑ ማን ማን እንደሆነ እንዳይታወቅ ተብሎ ይሸፈናል። ባዶ ሳጥን ስታዩ ደብቀው ነው አትበሉ።

አንድ ቁጥር ብቻውን አይበቃም ነው የምለው እንጂ ትምህርት ቤቱ ከተጠያቂነት ይውጣ እያልኩ አይደለም፣ እንዳትሳሳቱኝ። አምስት ዓመት ተከታትሎ የሚወርድ ከሆነ ትንሽነት ሰበብ አይሆንም። እኔ ቦርድ ላይ ስቀመጥ የምጠይቀው ዘጠነኛ ክፍል ሲገባ ምን ይዞ ገባ፣ ሲወጣ ምን ይዞ ወጣ የሚለውን ነው። ብዙ ትምህርት ቤቶች በልግ ላይና ጸደይ ላይ የራሳቸው ፈተና አላቸው፣ የዚህኛውን ውጤት አሳዩኝ ብላችሁ መጠየቅ መብታችሁ ነው። ልጁ አምስተኛ ክፍል ንባብ ላይ ሆኖ ዘጠነኛ ገብቶ ስምንተኛ ክፍል ደርሶ አስረኛ ላይ ቢፈተን በኤምሲኤ ወድቋል ይባላል። ወድቋል፣ ትክክል ነው። ግን በአንድ ዓመት ተኩል ሦስት ክፍል የወጣ ልጅ ነው፣ ያስተማረችው መምህርት ደሞ ልትሸለም ሲገባት ሰንጠረዡ ላይ ቀይ ነው ያላት።

ምርቃት ላይ ደሞ የባሰ ነው። የአራት ዓመት የምርቃት መጠን የሚባለው ልጁ ለመጀመሪያ ጊዜ ዘጠነኛ ከገባበት ቀን አራት ዓመት ይቆጥራል። በስቴት ደረጃ 2024 ላይ 84 በመቶ ግድም ነበር። አሁን አንድ ነገር ልንገራችሁ። የወንድሜ ልጅ በ16 ዓመቱ ነው የመጣው። ዘጠነኛ አስገቡት። እንግሊዝኛው «ሃው አር ዩ፣ አይ አም ፋይን» ነው። ቅዳሜና እሁድ መጋዘን ይሰራል፣ ለናቱ ይልካል፣ ሰኞ ጠዋት ባሴ ውስጥ መስኮቱን ተደግፎ ይተኛል፣ መድረሻችን ላይ እኔ ነኝ የምቀሰቅሰው። ያ ልጅ አራተኛው ዓመት ላይ ሁለት ኮርስ ጎደለው። አልተወም፣ በጋውን ተማረ፣ መስከረም ተመለሰ፣ ታህሳስ ላይ ጨረሰ። ቤታችን ዳቦ ተደፋ፣ እልል ተባለ። ሰንጠረዡ ላይስ? በአራት ዓመት አልተመረቀም ተብሎ ተመዘገበ። አምስተኛ ዓመት በሚለው ሌላ መስመር ላይ ነው የሚገኘው፣ ስቴቱ የአምስት፣ የስድስትና የሰባት ዓመት መጠንም ያወጣል፣ ግን ማን ያነባል? ስልኩ ላይ የሚመጣው የአራቱ ነው። እዚህ ስቴት ልጅ እስከ 21 ዓመቱ ሃይስኩል በነጻ የመማር መብት አለው፣ ስለዚህ ልጃችሁ ዘግይቶ የመጣ ከሆነ «ዕድሜህ አልፏል፣ ሂድ ስራ» ያለውን ሰው አትስሙ፣ እኔ በጆሮዬ ሰምቻለሁ እንዲህ ሲባል፣ ያውም ከኛው ሰው።

ሌላ ደሞ አለ፣ ይሄ የኛ ጥፋት ነው። ቤት ስንቀይር፣ ወደ ዴንቨር፣ ወደ ሲያትል ስንሄድ ለትምህርት ቤቱ አንናገርም። ልጁ ዝም ብሎ ይቀራል። ሌላ ቦታ መመዝገቡ በወረቀት ካልተረጋገጠ እዚህ እንዳልተመረቀ ይቆጠራል። 25 ልጅ ካለበት ክፍል 18 ተመርቀው ሁለቱ እንዲህ ከጠፉ 72 በመቶ ነው። ወረቀታቸው ቢገኝ ኖሮ ከ23 ነው የሚሰላው፣ 78 ይሆናል። ሁለት ስልክ ነው ልዩነቱ! ያቺ ስልክ አንሺ ሴትዮ ስንቴ ደውላልኝ «እነ እንትና የት እንደሄዱ ታውቃለህ?» ብላኛለች፣ እኔም እድር ሰብሳቢውን ጠይቄ አግኝቻቸዋለሁ። ስትሄዱ ተናገሩ፣ እባካችሁ።

ሦስተኛው ነጥብ፣ ልጆቻችን የት ናቸው። ወይም ፈረንጆቹ ዴሞግራፊክስ የሚሉት።

ብዙ ዘመን የኛ ልጆች «ብላክ» በሚል አንድ ሳጥን ውስጥ ነበሩ። ትናንት ከካምፕ የመጣ የሶማሌ ልጅ፣ አያት ቅድመ አያቱ እዚህ የተወለዱ አፍሪካን አሜሪካን፣ አባቱ ሐኪም የሆነ የናይጄሪያ ልጅ፣ የኛ ልጅ፣ ሁሉም አንድ ቁጥር። አማካዩ ማንንም አይመስልም። በ2016 ስቴቱ ህግ አወጣ፣ ኦል ኪድስ ካውንት ይባላል፣ ሳጥኑ ተከፈለ። አሁን ፎርሙ ላይ ሶማሊ አለ፣ ላይቤሪያን አለ፣ ናይጄሪያን አለ፣ ኢትዮጵያዊ ኦሮሞ አለ፣ ከዛ ኢትዮጵያዊ ሌላ አለ። አዎ፣ «ሌላ»። አትሳቁ! አንዲት እናት ምዝገባ ቀን ፎርሙን ይዛ «እኔ ምን ባደርግ ነው ሌላ የሆንኩት?» አለችኝ፣ ጉራጌ ናት፣ የምር ተቆጥታ ነው። እኔም ቅር ይለኛል፣ ግን ሙሉት። ኦሮሞ የሆናችሁ ኦሮሞ ብላችሁ፣ ሌሎቻችን «ሌላ» ብለን እንሙላ፣ ክርክሩን ቡናው ላይ እናድርገው። ዝም ብላችሁ ካለፋችሁት ግን ልጃችሁ ያልታወቀ ተብሎ ይቀራል፣ ያኔ «የኢትዮጵያ ልጆች አማርኛም ኦሮምኛም የሚችል ረዳት ያስፈልጋቸዋል» ብዬ ቦርድ ላይ ስናገር «ስንት ናቸው?» ሲሉኝ ምን ልመልስ?

የቤት ቋንቋ የሚጠይቀውም ፎርም እንደዛው ነው። ቤት ውስጥ አማርኛ እየተናገርን «እንግሊዝኛ ብቻ» ብለን እንሞላለን። ለምን? ልጁ ኢኤስኤል፣ እንግሊዝኛን እንደ ሁለተኛ ቋንቋ የሚያስተምሩበት ክፍል፣ እንዳይገባ። አፍረን ነው። እኔም ለትልቋ ልጄ እንደዛ ሞልቼላት ነበር፣ ተናዘዝኩ። ጥሩ ስለምታወራ ጥሩ የምታነብ መስሎኝ፣ ስምንተኛ ክፍል ላይ ነው የሳይንስ መጽሃፍ አንብባ ምን እንደሚል መንገር እንደማትችል ያወቅኩት። እንግሊዝኛ ተማሪ የተባሉ ልጆች በየዓመቱ በአራት ነገር ይፈተናሉ፣ መስማት፣ መናገር፣ ማንበብ፣ መጻፍ። የኛ ልጆች ሁለቱን ያልፋሉ፣ ሁለቱ ላይ ይቀራሉ። እና «እንግሊዝኛ ተማሪዎች» የሚለውን የውጤት መስመር ስታዩ ሁሌ ዝቅ ያለ ነው፣ ለምን ይመስላችኋል? የቻለው ልጅ ከመስመሩ ይወጣል፣ አዲስ የመጣው ይገባል። ሆስፒታል ውስጥ የተኙት ሁሉ ታማሚ ናቸው እንደማለት ነው፣ የዳነውማ ቤቱ ሄዷል።

ደሞ የምሳው ነገር። ይሄ የገንዘብ ጉዳይ ነው፣ ስሙኝ። በ2023 ገዥው ቲም ዋልዝ ህጉን ፈረመና ከዛ መስከረም ጀምሮ ቁርስና ምሳ ለሁሉም ልጅ ነጻ ሆነ። ደስ አለን። ደስ ሲለን ምን አደረግን? የገቢ ፎርሙን መሙላት ተውን! «ምሳው ነጻ ከሆነ ምን ያደርግልኛል?» አልን። ፎርሙ ግን ለምሳ ብቻ አልነበረም። ትምህርት ቤቱ ዝቅተኛ ገቢ ያላቸው ልጆች ስንት እንደሆኑ የሚያውቀው ከሱና ሜዲኬይድ በሚባለው የመንግስት ጤና መድንና በምግብ እርዳታ ላይ ካለው መዝገብ ነው፣ ለነዚህ ልጆች ተብሎ የሚሰጠው ተጨማሪ ገንዘብም ከቁጥራቸው ጋር የተያያዘ ነው። ሜዲኬይድ የሌለው፣ ኡበር የሚነዳ፣ አምስት ልጅ ያለው አባት ፎርሙን ካልሞላ ልጆቹ ሃብታም ሆነው ይቆጠራሉ። በወረቀት ሃብታም ሆንን፣ በኪስ የለንም።

ትንሽ ዲስትሪክት ላይ ደሞ ገንዘብ ማለት ልጅ ነው። በ2024-25 የስቴቱ መነሻ ለአንድ ተማሪ 7,281 ዶላር ነበር፣ ከሰባተኛ እስከ አስራ ሁለተኛ ላለው በ1.2 ይባዛል፣ ወደ 8,737 ይመጣል። አስር ልጅ ታህሳስ ላይ ቢሄድስ? ገንዘቡ አብሮ ይሄዳል፣ ያ ደሞ የአንድ መምህር ደሞዝ ነው። ትልቁ ዲስትሪክት ሌላ ትምህርት ቤት ጋር አቻችሎ ያልፈዋል፣ የኛ ፊዚክስ ግን መምህሩ አንድ ነው፣ እሱ ከቀረ ፊዚክስ ቀረ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ ህሊናዬ አይፈቅድም። የኛ ቻርተሮች ብዙዎቹ የአንድ ማህበረሰብ ልጆች የበዙባቸው ናቸው። ይሄ ጥሩ ነው መጥፎ? በ2015 ክሩዝ ጉዝማን የሚባሉ ወላጅና ሌሎችም ስቴቱን ከሰሱ፣ ትምህርት ቤቶቹ በዘር ተከፋፍለዋል፣ ስለዚህ ልጆቻችን በቂ ትምህርት አላገኙም ብለው። በ2023 መጨረሻ የስቴቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የዘር አለመመጣጠኑ ብቻውን ህገ መንግስቱን አይጥስም፣ ለትምህርቱ በቂ አለመሆን ትልቅ ድርሻ ያለው ምክንያት መሆኑን ማሳየት አለባችሁ አለ። እኔ በግሌ ሁለት ልብ ነኝ። ልጄ በጾም ቀን ምን እንደምትበላ ማስረዳት የማያስፈልጋት ቦታ መሆኗ ያስደስተኛል፣ ኮሌጅ ስትገባ ግን ክፍሉ እንደዚህ አይሆንም ብዬም እሰጋለሁ። ባለቤቴ «አንተ ባስ ላይ ነህ የምታያቸው፣ እኔ ቤት ነው፣ ትስቃለች፣ ተዋት» ትለኛለች።

ሰዓት እያያችሁልኝ ነው? አስር ደቂቃ? እሺ።

ወላጅ ስብሰባ ለምን አንሄድም? እኔ መልሱን አውቃለሁ። እኛ ያደግነው «ወላጅ አምጣ» በሚባል ሃገር ነው። ወላጅ የሚጠራው ልጅ መስኮት ሲሰብር ነው። እኔም አስተማሪ ሆኜ ጥሩ ልጅ ያለውን አባት አንድ ቀን ጠርቼ አላውቅም፣ አሁን ሳስበው ይገርመኛል። እና እዚህ ወረቀት ሲመጣ «ምን አጠፋ?» እንላለን፣ ካላጠፋ አንሄድም። የቻርተር ቦርድ ስብሰባ ደሞ በህግ ክፍት ነው፣ ማንም ገብቶ መቀመጥ ይችላል። የኛው ቦርድ ስብሰባ ላይ ባለፈው ስንት ወላጅ መጣ መሰላችሁ? አንድ። እሱም የባለቤቱን ቁልፍ ሊያቀብል መጥቶ ነው፣ በጀት እያወራን ስለነበር ተቀምጦ አምስት ጥያቄ ጠየቀ፣ ሁለቱን መመለስ አልቻልንም።

ስትሄዱ ምን ትጠይቃላችሁ? ስንት ቀን ይቀራሉ በሉ። ልጅ ከትምህርት ቀኑ አስር በመቶ ከቀረ ስር የሰደደ ቀሪ ይባላል፣ በወር ሁለት ቀን ማለት ነው፣ ለበዓል አንድ፣ ለታናሽ ወንድም አስተርጓሚ ሆኖ ክሊኒክ አንድ፣ አለቀ። እኔ ባሱ ላይ ባዶውን ወንበር አየዋለሁ፣ ኋላ ፈተናው ላይ ማን እንደሚወድቅ ጥቅምት ላይ ልነግራችሁ እችላለሁ። ፒኤስኢኦ ስንት ልጅ ወሰደ በሉ፣ ሃይስኩል ሆኖ ኮሌጅ በነጻ የሚማሩበት ነው፣ ሚኒሶታ በ1985 የጀመረችው። ሁለት ቋንቋ ለሚችሉ ልጆች የሚሰጠው ማህተምስ አለ ወይ በሉ፣ አማርኛ አንብቦ መጻፍ የሚችል ልጅ ተፈትኖ የኮሌጅ ክሬዲት ሊያገኝበት ይችላል። የሰንበት ትምህርት ቤት ፊደሉ ለኮሌጅ ክሬዲት! ይሄንን ለልጆቻችሁ ንገሯቸው፣ «አማርኛ ምን ያደርግልኛል» ሲሏችሁ መልስ አገኛችሁ።

እና ወንድሜ፣ 20 በመቶው እውነት ነበር፣ አልካድኩም። ከስንት ልጅ እንደሆነ ቤት ገብቼ አየሁት፣ ከ15 ነው። ሦስቱ አልፈዋል። ሌሎቹን አስራ ሁለቱንም በስም አውቃቸዋለሁ፣ ስድስቱ እዚህ ከመጡ ሦስት ዓመት አልሞላቸውም። ሌሎቹ ስድስት ግን እዚሁ የተወለዱ ናቸው፣ እነሱን እንዴት እንዳላለፉ ማስረዳት አልችልም፣ ማክሰኞ ስብሰባ ላይ አንስቼዋለሁ፣ እስካሁን የተሰጠን መልስ አላረካኝም።

ፎርሞቹ ጠረጴዛው ላይ አሉ፣ የገቢውም የቋንቋውም፣ ልጆቹ ላፕቶፕ ይዘው ተቀምጠዋል፣ ያግዟችኋል። እማማ እጃቸውን ካወጡ ቆይተዋል፣ ይቅርታ አድርጉልኝ እማማ፣ ማይኩን አቀብሏቸው። ይጠይቁ፣ ስለ ባሱ ከሆነም ችግር የለም።